የታላቅነት ቦታ ሲቀየር፦ በልጆች መካከል የሚነሳን ፉክክር እንዴት እናርግብ?

ሁለት ልጆች በአንድ ወንበር ሲጣሉ ያየ ሰው ችግሩ የወንበር እጥረት ይመስለዋል። ሁለተኛ ወንበር ሲያመጣላቸው ጠቡ ወደ ብርጭቆው፣ ከብርጭቆው ደግሞ ወደ ብርድ ልብሱ ይዛወራል። ዕቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያሻማቸው፣ ዕቃ በመጨመር ይበርድ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚሻሙት በቤቱ ውስጥ ያላቸውን ቦታ ነው። ታላቅ የሚባለው ማን ነው? አደራ የሚጣልበትስ? እናትና አባት ስሙን ሲጠሩ ፊታቸው የሚፈካለት የትኛው ልጅ ነው? ይህ ቦታ በተነቃነቀ ጊዜ ሁሉ ፉክክሩ ይብሳል።

በእኔ ቤት የተነቃነቀው የእህቴ ልጅ ከእኛ ጋር ሊኖር ሲመጣ ነው። እናቱ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሄዳ ነበር። እርሱ 11 ዓመቱ፣ ሴት ልጄ 9፣ ትንሹ ልጄ ደግሞ 5። ልጄ ከታላቅነት ወደ መካከለኛነት ወረደች። የእህቴ ልጅ ለእናቱ ብቸኛ ልጅ የነበረው ከሦስት አንዱ ሆነ። ትንሹ ብቻ ታናሽነቱ አልተነካበትም፤ ነገር ግን እስከዚያ ቀን አንድ የነበረው የሚከተለው ሰው ሁለት ሆነበት፣ ማንን ማድነቅ እንዳለበትም ግራ ገባው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እንዲህ ያለ ለውጥ ለገባበት ቤት ነው፤ አዲስ ልጅ ለተወለደበት፣ ሁለት ቤተሰብ በጋብቻ ለተቀላቀለበት፣ የዘመድ ልጅ ለመጣበት፣ ታናሹ ታላቁን በትምህርት ላለፈበት።

ማን ምን እንዳጣ ጻፉ

ወረቀት ውሰዱና ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ዓምድ አስምሩ፤ አንዱ ያጣው፣ ሌላው ያገኘው። የመጀመሪያውን ዓምድ ሳትሞሉ ወደ ሁለተኛው አትሂዱ። እኛ አዋቂዎች ያገኘውን ለመቁጠር እንቸኩላለን፤ «የሚያጫውተው ወንድም አገኘ»፣ «ከእንግዲህ ብቻዋን አይደለችም» እንላለን። ልጁ ግን ያጣውን ስናውቅለት ካላየ ያገኘውን አያይም።

በልጄ ዓምድ ውስጥ ሦስት ነገሮች ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የቤቱ ቁልፍ በእርሷ እጅ ነበር። ማታ ለትንሹ ወንድሟ ተረት የምታነብለት እርሷ ነበረች። «ትልቋ ልጃችን» የሚለው አጠራርም የእርሷ ነበር። ከእርሷ የሚበልጥ ልጅ ሲመጣ ቁልፉ በዕድሜ ሕግ ብቻ ወደ እርሱ ሊያልፍ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ። በእህቴ ልጅ ዓምድ ደግሞ ለብቻው የሚተኛበት ክፍል፣ ተራ ሳይጠብቅ የመናገር ልማዱ፣ ከሁሉም በላይ ድምፁን ብቻ ሰምታ መከፋቱን የምታውቅለት እናት ነበረች።

ቀጥሎ ከጠፋው ውስጥ መመለስ የሚቻለውን ለዩ። ቁልፍ ይቀረጻል፤ ሁለቱም እንዲይዙ ሆነ። ተረት ማንበቡን ግን አላካፈልኩም። የእህቴን ልጅ ለብቻው ጠርቼ፣ «ማታ ለትንሹ የምታነብለት እርሷ ናት፤ ይህ የእርሷ ሆኖ ይቆያል። ለአንተ ደግሞ የራስህ የሆነ እንፈልጋለን» አልኩት። እጁ ዕቃ መፍታትና መግጠም ይወድ ነበርና የሦስቱም ብስክሌት ጎማና ፍሬን ኃላፊ ሆነ። ዋናው ነገር ይህ ሥራ ከማንም የተወሰደ አለመሆኑ ነው። ለአዲስ መጪ ልጅ ቦታ ስትሰጡ ሌላውን አስነስታችሁ አታስቀምጡት።

አልፍሬድ አድለር (1870–1937) የተባለው ኦስትሪያዊ ሐኪም የበኩር ልጅ ታናሽ ሲወለድበት የሚሰማውን ስሜት ከዙፋን እንደ መውረድ አድርጎ ገልጾታል። እኔ ይህን አገላለጽ ስለ ሕመሙ እቀበለዋለሁ። «በኩር እንዲህ ነው፣ መካከለኛ ሁልጊዜ ሆደ ባሻ ነው» የሚለውን ከዚያ የመነጨ ወሬ ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ መርምሮ የውልደት ቅደም ተከተል እንደ ተግባቢነት፣ ስሜትን መቆጣጠርና ኃላፊነት መውደድ ባሉ ጠባዮች ላይ ዘላቂ ተጽእኖ አላገኘበትም። ስለዚህ ልጃችሁ ዛሬ ቢያኮርፍ «መካከለኛ ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ምን እንደጎደለበት ጠይቁ።

ለውጡ አዲስ ሕፃን ከሆነ ታላቁ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ እንደ ሕፃን ይናገራል፣ ጡጦ ይጠይቃል፣ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። አታሳፍሩት። ትንሽ ሕፃንነት ስጡት፤ እቀፉት፣ አልብሱት፣ ጊዜውን ጠብቆ ይተወዋል። ከሕፃኑ ጋር ለማወዳጀት ደግሞ አንድ የተፈተነ መንገድ አለ። ጁዲ ደንና ካሮል ኬንድሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ሁለተኛ ልጅ የወለዱ ቤተሰቦችን ተከታትለው ነበር። እናቲቱ ስለ ሕፃኑ ለታላቁ ስትነግር ፍላጎትና ስሜት እንዳለው ሰው አድርጋ ከሆነ ልጆቹ ከጊዜ በኋላ የበለጠ ተወዳጅተው ተገኝተዋል። «ጸጥ በል፣ ሕፃኑ ተኝቷል» ከማለት ይልቅ «ለምን የሚያለቅስ ይመስልሃል? ራበው ወይስ ብርሃኑ በዛበት?» ብላችሁ አማክሩት።

ይህ ዘዴ ለሕፃን ብቻ የሚሠራ አይደለም። የእህቴ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ልጄን፣ «በማያውቀው ቤት የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያድር ምን የሚከብደው ይመስልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «ሌሊት ሲነሳ የመብራቱ ማብሪያ የት እንዳለ አያውቅም» አለች። የቤቱን ካርታ ሥላ ማብሪያዎቹን በቀይ እስክሪብቶ ከብባ ትራሱ ላይ አስቀመጠችለት። በማግሥቱ ጠብ አልቀረም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የምትጣላው ከአንድ ሰው ጋር እንጂ ቦታዋን ከወሰደባት እንግዳ ጋር አልነበረም።

የሰጣችኋቸውን ቅጽል አድምጡ

ከጠቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው፤ ጠብ ይሰማል፣ ቅጽል ግን ሥራውን የሚሠራው ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ልጆቻችሁ የምትናገሩትን ልብ በሉ፤ በስልክ ከዘመድ ጋር ስታወሩ፣ ለአስተማሪ ስትነግሩ፣ ስትቆጡ። «ጎበዟ»፣ «ረባሹ»፣ «ዝምተኛው»፣ «አንባቢዋ»። ቅጽል እንደ ልብስ ነው፤ በተሰፋበት ጊዜ ልክ ቢሆን እንኳ ልጁ ሲያድግ ይጠበዋል። ሌላ ካልሰጠነው ደግሞ በጠበበው ውስጥ ለመቆየት ራሱን ያሳንሳል።

ወንድማማቾችና እህትማማቾች ከዚህ በላይ የሚያደርጉት አለ። ግዛት ይከፋፈላሉ። ፍራንሰስ ሻክተር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመችው ጥናት ወንድማማቾችና እህትማማቾች «እኔ ከእርሱ ፈጽሞ የተለየሁ ነኝ» ብለው ራሳቸውን እንደሚገልጹ፣ ይህም በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልጅ መካከል፣ በተለይም ተመሳሳይ ፆታ ሲኖራቸው እንደሚበረታ አሳይታለች። መለየታቸው ፉክክሩን ያቀልላቸዋል፤ ሁለቱም በአንድ ሜዳ ላይ ካልተጫወቱ ተሸናፊ አይኖርም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንደኛው መጽሐፍን ሲወስድ ሌላው መጽሐፍን ይተዋል፤ ስላልወደደው ሳይሆን ስለተያዘበት።

የእህቴ ልጅ ሲመጣ ሻንጣው በመጻሕፍት የተሞላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ «እኔ ማንበብ አልወድም» ማለት ጀመረ። ልጄን በቤት ውስጥ «አንባቢዋ» ብለን እንጠራት ነበርና ግዛቱ ተይዞ ነው ያገኘው። ከእርሱ ጋር ክርክር አልገጠምኩም። «አንባቢዋ» የሚለው አጠራር እንዲቀር ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። ከዚያ የብስክሌቱን የጥገና መመሪያ አምጥቼ፣ «ይህ የፍሬን ክፍል አልገባኝም፣ አንብበህ አስረዳኝ» አልኩት። ልጄን ደግሞ የተበሳ ጎማ መለጠፍ እንዲያስተምራት ጠየቅሁት። እርሷ ጎማ ስትለጥፍ፣ እርሱ ጮክ ብሎ ሲያነብ አጥሩ ተከፈተ። እናንተም በየቤታችሁ የተያዘውን ግዛት ፈልጉና ለሌላው ልጅ በር ክፈቱለት፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ በአንድ ሜዳ ላይ አሰልፋችሁ አታወዳድሩ።

ቅጽሉን በተግባር ተኩት። «ጎበዝ ነሽ» ከማለት «ይህን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ሞክረሽ በአራተኛው በሌላ መንገድ ሄድሽበት» በሉ። «ረባሽ» ከማለት «ስናገር ሁለት ጊዜ አቋረጥከኝ፤ እስክጨርስ ጠብቀኝ» በሉ። ተግባር ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ ልጁም ይህን ያውቃል። መልካም የሚባሉት ቅጽሎችም ከዚህ አያመልጡም። «ጨዋው ልጃችን» የተባለ ልጅ መቆጣት ያቅተዋል፤ ቢቆጣ ስሙን ያጣልና። «አጋዤ» የተባለች ልጅ ድካሟን ትደብቃለች።

ይህ ሁሉ ተራ ጥንቃቄ እንዳይመስላችሁ። አሌክሳንደር ጄንሰንና ሱዛን ማክሄይል እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ወላጆች ከሁለት ልጆቻቸው አንዱ በትምህርት እንደሚበልጥ ማመናቸው በቀጣዩ ዓመት በልጆቹ ውጤት መካከል ከሚታየው ልዩነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ቀደም ሲል የነበረው የውጤት ልዩነት ተቆጥሮ እንኳ። የምናስበውን ባንናገረው እንኳ ልጆች ያነቡታል።

ሌሎች ሰዎች ሲያወዳድሩባችሁ ዝም አትበሉ። ለታላላቆቻችን ጠንከር ያለ ቃል መናገር አይገባም፤ በአክብሮት ማስቆም ግን ይቻላል። እኔ ለአክስቴ የተናገርኩት ይህ ነው፦ «አክስቴ፣ ልጆቹ ፊት አያወዳድሩብኝ። ስለ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢጠይቁኝ ደስ ብሎኝ እነግርዎታለሁ።» ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚጠይቁኝ በየስማቸው ነው።

ጠብ ሲነሳ

«ማን ጀመረው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ጥያቄ እናንተን ዳኛ፣ እነርሱን ከሳሽና ተከሳሽ ያደርጋል፤ አንዱ ሲፈረድለት የሌላው ቦታ እንደገና ይነቃነቃል። «አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውላት» የሚለውም ታላቅነትን ቅጣት ያደርገዋል።

የተሻለው መንገድ ማሸማገል ነው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጁሊ ስሚዝና ሂልዲ ሮስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ሽምግልና አስተምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። የሠለጠኑት ወላጆች ልጆች ሲጣሉ ያነሰ ይጠቃቁ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብም የበለጠ ይረዱ ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ደንብ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ የጠቡን ነጥብ መለየት፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን ስሜት እንዲረዳ ማድረግ፣ በመጨረሻ መፍትሔውን ራሳቸው እንዲያመጡ መተው።

በቤታችን ሁለቱ ትልልቆቹ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያጠናሉ። አንድ ቀን ልጄ የሣለችው ሥዕል በመጻሕፍቱ ሥር ተጨማዶ ተገኘ። ለቅሶና ጩኸት ሆነ። መጀመሪያ እንዲበርድላቸው በየፊናቸው ላክኋቸው፤ ደም ሲሞቅ ሽምግልና አይሆንም። ሲመለሱ ደንቡን ነገርኳቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ስድብ የለም።

እርሷ፣ «ሥዕሌን ቆሻሻ አደረገው። ጠረጴዛው ድሮ የእኔ ብቻ ነበር» አለች።

«ምን አለች?» ብዬ እርሱን ጠየቅሁት።

«ጠረጴዛው የእርሷ እንደሆነ።»

«እንደዚያ ነው ያልሽው?»

«አይደለም። ድሮ የእኔ ነበር ነው ያልኩት። አሁን የእኔ የሚባል ቦታ የለኝም።»

የተጣሉት በሥዕሉ መስሎን ነበር። እርሱም በተራው፣ «እኔም እኮ የለኝም፤ መጽሐፌን የማስቀምጥበት ሁሉ የሌላ ሰው ነው» አለ፤ ይህን ደግሞ እርሷ ደገመችው። እያንዳንዱ የሌላውን ቃል፣ ባለቤቱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ እንዲደግም አድርጉ፤ ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። መፍትሔው የእነርሱ ነበር፤ ጠረጴዛውን ከመካከል በቀለም ቴፕ ለሁለት ከፈሉት፣ አንድ አንድ መሳቢያም ወሰዱ። እኔ ብሆን የምመርጠው አልነበረም። ያከበሩት ግን ራሳቸው ስለወሰኑት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ቃሉን እናንተ አውሱት፤ «የተናደድከው ሳይጠይቅህ ስለወሰደ ነው?» በሉት።

እኩል ይሁን ወይስ ተገቢ?

ሁሉን ነገር እኩል ለማድረግ የሚጥር ወላጅ ልጆቹን መመዘን ያስተምራቸዋል። ልጆች እኩል አለመሆንን ሳይሆን ምክንያት ማጣትን ነው የሚጠሉት። አማንዳ ኮዋልና ሎሪ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ልጆች ወላጆቻቸው ለወንድም ወይም ለእህት የተለየ እንክብካቤ ሲያደርጉ ቢያዩም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ስለሚረዱ እንደ አድልዎ አልቆጠሩትም። ስለዚህ ምክንያቱን ተናገሩ።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር የእኛን መኝታ ክፍል ለብቻው እንሰጠዋለን፤ ማንም አይገባም። ልጄ «እኔ ለምን አይፈቀድልኝም?» አለች። «አንቺ እናትሽን ስትፈልጊ በር ማንኳኳት ይበቃሻል፤ እርሱ ግን ስልክ ነው ያለው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ትንሹን ከበሩ የምትመልሰው እርሷ ሆነች።

ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ብቻችሁን የምትሆኑበት ጊዜም ይኑራችሁ፤ አጭር ቢሆን ይሁን፣ ልጁ የመረጠው ይሁን። ይህን ጊዜ ለጥፋት ቅጣት አድርጋችሁ አትንጠቁ።

ታናሹ ታላቁን በትምህርት ወይም በስፖርት ሲያልፈው ለታላቁ ብላችሁ የታናሹን ደስታ አታፍኑ። ደስታውን በግልጽ አክብሩ፣ ታላቁን ደግሞ በኋላ ለብቻው አነጋግሩ። የውጤት ካርድ የሚታየው ከወላጅ ጋር በተናጠል ይሁን። ታላቁ ራሱ ካልጠየቀ በቀር ታናሹን አስጠኚው አድርጋችሁ አትሹሙ።

ፉክክር ያልሆነውን ለዩ

በፉክክር ውስጥ በዳዩ ይቀያየራል፤ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ይበድላል፣ ሲበርድም አብረው ይጫወታሉ። ሁልጊዜ የሚጎዳው አንዱ ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ከወንድሙ ጋር ብቻውን መቅረት ከፈራ፣ ቁስል ወይም ዛቻ ካለ፣ ሰውነቱን በማይገባ ሁኔታ የሚነካው ካለ፣ ይህ ጥቃት ነው። በዚህ ጊዜ ማሸማገል አይገባም፤ ጉልበተኛና ተጠቂ እኩል ሆነው አይቀመጡምና። ለዩአቸው፣ ያለ አዋቂ አብረው አትተዉአቸው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ተጠቂው ሲናገር እመኑት። አጥቂውም ልጅ ነውና እርዳታ ያስፈልገዋል፤ የተጠቂው ደኅንነት ግን ይቀድማል።

ላደጉትም

እኛ አራት ወንድማማችና እህትማማች ነን። ስንሰበሰብ ታላቅ ወንድሜ ማዘዝ ይጀምራል፣ እኔም «ዝምተኛዋ» ነኝ፤ በሥራዬ ቦታ ቀኑን ሙሉ የምናገር ሰው መሆኔን ግን ያወቁት ቆይተው ነው። ያደጉ ልጆችም «እናታችን የምታበልጠው አለ» ብለው ሲያስቡ በመካከላቸው ያለው ውጥረት እንደሚጨምር የጂል ሱቶርና የካርል ፒለመር ጥናቶች ያሳያሉ፤ እናቱ የምታበልጠው ራሱን እንደሆነ የሚያስብ ልጅ ቢሆን እንኳ።

ስለዚህ በስብሰባችሁ ላይ ያልለመዳችሁትን ሥራ ጠይቁ። እኔ ወንድሜን፣ «ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ የአባባን የሕክምና ቀጠሮ እኔ ልከታተል፤ አንተ ደግሞ ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠህ ተጫወት» አልኩት። ለካ እርሱም አዛዥነቱ ደክሞት ነበር። በዕድሜ የገፉ ወላጆችን እንክብካቤ ስትከፋፈሉ ድሮ «ኃላፊነት የሚሰማው» ለተባለው ሁሉን አታሸክሙት። ማን ዛሬ ምን ጊዜና አቅም አለው? የሚለውን ጠይቁ፤ የተስማማችሁበትን በወረቀት ጻፉ፤ በየስድስት ወሩ ደግሞ አውጥታችሁ እንደገና ተመልከቱት፤ በእነዚያ ወራት ውስጥ የአንዳችሁ ኑሮ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና።